መሪ እንዴት ይወርዳል? የሥርዓተ መንግሥት ዓይነቶች ዳሰሳ

እ.ኤ.አ. ማርች 28 ቀን 1979 ምሽት የእንግሊዝ ፓርላማ በጠቅላይ ሚኒስትር ጄምስ ካላሃን መንግሥት ላይ የመተማመኛ ድምፅ ሰጠ። ሲቆጠር 311 ለ310 ሆነ፤ መንግሥቱ በአንድ ድምፅ ወደቀ። የጎደለችው ድምፅ የማን እንደሆነች አዳራሹ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። ሰር አልፍሬድ ብራውተን የተባሉ የገዢው የሌበር ፓርቲ እንደራሴ ዮርክሻየር ውስጥ በጠና ታመው ተኝተዋል። በአምቡላንስ ይምጡ ወይስ ይቅሩ የሚለው ሲያከራክር ውሎ፣ መንገድ ላይ ሕይወታቸው ያልፍ ይሆናል ተብሎ ተፈራና ቀሩ። ከአምስት ቀን በኋላ ዐረፉ። በዚያው ምሽት ፍራንክ ማጓየር የሚባሉት የሰሜን አየርላንድ እንደራሴ ባሕር ተሻግረው ለንደን ድረስ መጥተው ነበር፤ የመጡት ግን ድምፅ ሊሰጡ ሳይሆን በአካል ተገኝተው ሊታቀቡ ነው። ካላሃን ምርጫ ጠሩ፣ ተሸነፉ፣ ማርጋሬት ታቸር ቤቱን ተረከቡ። ነገሩ ሁሉ ከስድስት ሳምንት ያነሰ ጊዜ ነው የፈጀው።

ከዚያ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ ደግሞ አሜሪካ አንድ ፕሬዝዳንት አውርዳለች። የዋተርጌት ሰርጎ ገቦች የተያዙት በጁን 1972 ነው፤ ሪቻርድ ኒክሰን የለቀቁት በኦገስት 1974። በመሃሉ ከሃምሳ ግዛቶች 49ኙን ጠቅልለው ለሁለተኛ ጊዜ ተመርጠዋል፣ ምክትላቸው በሌላ ቅሌት ሥልጣኑን ለቋል፣ የድምፅ ቅጂ ይሰጥ አይሰጥ ክርክሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሷል። ከሁለት ዓመት በላይ የፈጀው ይህ ሁሉ አልፎም ቢሆን ሰውዬው በገዛ ፊርማቸው ለቀቁ እንጂ ምክር ቤት አላባረራቸውም።

ስለ ሥርዓተ መንግሥት ዓይነት ሲወራ አብዛኛው ክርክር መሪው እንዴት ይውጣ በሚለው ላይ ይሽከረከራል፤ ሕዝቡ በቀጥታ ይምረጠው ወይስ ምክር ቤት? ዘር ቆጥሮ ይውረስ ወይስ ይወዳደር? የእኔ እምነት ግን ሥርዓቶቹ አጥርተው የሚለያዩት መሪው ሲወርድ ነው የሚል ነው። ይህ ዳሰሳ በዚያው መስኮት የሚመለከት ስለሆነ ሁሉንም ዓይነት እኩል አያይም። (የውጭውን ታሪክ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ የአገራችንን በእኛው አስቀምጫለሁ።)

መንግሥታትን በዓይነት የመለየቱ ሥራ ጥንታዊ ነው። አርስቶትል ሥልጣኑ በአንድ ሰው፣ በጥቂቶች ወይስ በብዙዎች እጅ ነው ብሎ ሦስት ቦታ ከፈለ፤ ለሁሉም ጥቅም ይሠራሉ ወይስ ለራሳቸው ብሎ ደግሞ ሦስቱን ስድስት አደረጋቸው። ዛሬ የምንመካበት ዴሞክራሲ እርሱ ዘንድ ከብልሹዎቹ ወገን ነበር። እርሱና ተማሪዎቹ የ158 ከተሞችን አስተዳደር ታሪክ ሰብስበው ነበር ይባላል፤ ከዚያ ውስጥ ጎላ ብሎ የተረፈው የአቴናው ብቻ ነው። እርሱም ግብፅ ውስጥ በተገኘ ፓፒረስ ላይ ተጽፎ ቆይቶ በ1891 ታተመ። ስድስቱን ክፍል ተማሪ ሁሉ ይሸመድደዋል፤ ስድስቱ ከተዘረዘሩበት ከዚያው መጽሐፍ አምስተኛው ክፍል መንግሥታት ለምን ይገለበጣሉ የሚለውን የሚመረምር መሆኑን ግን የሚያነሳው ጥቂት ነው። ለእኔ ዋናው እርሱ ነው።

ወደ አሜሪካ ልመለስ። በ1787 ፊላዴልፊያ የተሰበሰቡት ሰዎች ንጉሥ አይፈልጉም፤ እንደ ልቡ የሚፈነጭ ምክር ቤትም ያስፈራቸዋል። ስለዚህ ፕሬዝዳንቱ የራሱ የሆነ አራት ዓመት ተሰጠው፤ ምክር ቤቱ ስላልወደደው ብቻ አያሰናብተውም። ለከባድ ጥፋት የተተወው በር ጠባብ ነው፤ የተወካዮች ምክር ቤት በአብላጫ ድምፅ ይከሳል፣ ሴኔቱ በሁለት ሦስተኛ ይፈርዳል። በ1868 አንድሩ ጆንሰን በ35 ለ19 ተረፉ፤ አንድ ድምፅ ብትጨመር አብቅቶላቸው ነበር። በ2021 ዶናልድ ትራምፕ ላይ 57 ሴናተሮች ጥፋተኛ ናቸው አሉ፤ የሚያስፈልገው 67 ነበር። ከ1787 እስከ ዛሬ በዚያ በር ተገፍቶ የወጣ አንድም የአሜሪካ ፕሬዝዳንት የለም።

በሩ ግን በየአገሩ እኩል አይጠብም። ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ምክር ቤቱ በሁለት ሦስተኛ ይከስና የመጨረሻውን ቃል ለሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ይተወዋል። ፓርክ ጉን ሄ በ2017 በዚያ መንገድ ተነሱ። ዩን ሱክ ዮል በዲሴምበር 2024 በሌሊት ወታደራዊ አገዛዝ ሲያውጁ፣ እንደራሴዎች አጥር እየዘለሉ ገብተው አዋጁን ሻሩት፤ ከቀናት በኋላ ከ300ው 204ቱ ክስ ደገፉ፤ በኤፕሪል 2025 ስምንቱም ዳኞች በአንድ ድምፅ አሰናበቷቸው። ብራዚልም በ2016 ዲልማ ሩሴፍን በምክር ቤቷ አውርዳለች። ፕሬዝዳንታዊ የሚባለው ሥርዓት ወጥ የሆነ አንድ ነገር አለመሆኑን ለማየት ይህ ይበቃል።

የፓርላማው ሥርዓት ዋና ችግር በተቃራኒው መሪ ማውረድ አለመክበዱ ነው። ጀርመኖች ይህን በመራራ ዋጋ ተማሩት። በሴፕቴምበር 1932 የቫይማር ፓርላማ ቻንስለሩን ፍራንዝ ፎን ፓፐንን በ512 ለ42 አልፈልግህም አላቸው። 512ቱን ሰዎች ያስማማቸው ጥላቻ ብቻ ነበር፤ ናዚውም ኮሚኒስቱም እዚያው ውስጥ ነው ያለው፤ አብረው መንግሥት ሊመሠርቱ ቀርቶ አብረው ሊቀመጡ አይችሉም። አምስት ወር ሳይሞላ ሂትለር ቻንስለር ሆነ። ስለዚህ የ1949ኙ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 67 ብልኃት አበጀ፤ ቻንስለሩን ማውረድ የፈለገ ምክር ቤት በዚያው ድምፅ የሚተካውን ሰው መምረጥ አለበት። ይህ አንቀጽ የተሳካው አንዴ ነው፤ በኦክቶበር 1982 ሄልሙት ሽሚት ወርደው ሄልሙት ኮል ወጡ። በ1972 ቪሊ ብራንትን ለመጣል የተደረገው ሙከራ ከሚያስፈልገው 249 ድምፅ ሁለት አንሶት ከሽፏል። የምሥራቅ ጀርመን የስለላ ድርጅት ለአንድ የተቃዋሚ እንደራሴ 50 ሺህ ማርክ ከፍሎ እንደነበር ኋላ ላይ ተሰማ።

በተግባር ግን የፓርላማ ሥርዓት መሪዎች በብዛት የሚወድቁት ፓርላማ ውስጥ አይደለም፤ የገዛ ፓርቲያቸው ስብሰባ ላይ ነው። ሦስት ምርጫ በተከታታይ ያሸነፉት ታቸር በ1990 በፓርቲያቸው እንደራሴዎች ድምፅ 204 ለ152 መርተው ሳለ ለመጀመሪያው ዙር የሚያስፈልገው ልዩነት በአራት ድምፅ ስለጎደላቸው ለቀቁ። ሊዝ ትረስ በ2022 ሥልጣን ላይ የቆዩት 49 ቀን ነው፤ ሕዝብ አልተጠየቀም። ደቡብ አፍሪካ መሪዋን ፕሬዝዳንት ብትለውም የሚመርጠውም የሚያወርደውም ምክር ቤቱ ስለሆነ ከዚሁ ወገን ናት፤ ታቦ ምቤኪ በ2008 ፓርቲያቸው ኤኤንሲ ይልቀቁ ስላላቸው ለቀቁ። ጃኮብ ዙማ በኦገስት 2017 በምስጢር የተሰጠ የመተማመኛ ድምፅ በ198 ለ177 አልፈው ነበር። ምክር ቤቱ ያላወረዳቸውን ሰው ከስድስት ወር በኋላ ፓርቲያቸው አወረዳቸው።

እዚህ ላይ አንድ የማይመች ነገር ልበል። ኒኪታ ክሩሽቼቭም በኦክቶበር 1964 የወረዱት በፓርቲ ስብሰባ ነው፤ ጥቁር ባሕር ዳር ከሚዝናኑበት ተጠርተው ሞስኮ ሲደርሱ ጓዶቻቸው ተዘጋጅተው ጠበቋቸው። ታቸርን ካወረደው ስብሰባ ጋር በአሠራር ብዙም አይራራቁም። ልዩነቱ በኋላ የመጣው ነው፤ የታቸር ወራሽ ጆን ሜጀር በ1992 መራጭ ፊት ቀረቡ፣ የክሩሽቼቭ ወራሽ ብሬዥኔቭ ግን እስኪሞቱ ወንበሩ ላይ ቆዩ። የአንድ ፓርቲ አገዛዝ መሪን ማውረድ አይችልም የሚለው አባባል ልክ አይደለም። ይችላል፤ የሚያወርድበትን ሕግ ግን ራሱ ሊያጠፋው ይችላል። የቻይና ሕገ መንግሥት ከ1982 ጀምሮ ፕሬዝዳንቱን በሁለት የሥልጣን ዘመን ይገድብ ነበር፤ በማርች 2018 ገደቡ ሲነሳ 2,958 ሰዎች ደገፉ፣ ሁለት ተቃወሙ፣ ሦስት ታቀቡ።

ነገሥታትም ይወርዳሉ። ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ ንጉሥ ሳዑድ በ1964 በቤተሰቡና በሃይማኖት ሊቃውንቱ ስምምነት ዙፋኑን ለወንድማቸው ለፋይሰል ለቀቁ። ኳታር ውስጥ በ1995 ልጅ አባቱን፣ አባት ውጭ አገር ሳሉ፣ ተካ። ኩዌት ግን ለየት ትላለች። በጃንዋሪ 2006 ሼኽ ሳዓድ አሚር ሆኑ፤ ጤናቸው ቃለ መሐላውን ለመፈጸም እንኳ የሚያበቃ አልነበረም። ከዘጠኝ ቀን በኋላ የአገሪቱ ምክር ቤት ድምፅ ሰጥቶ አነሳቸው። ባሕረ ሰላጤው አካባቢ የሚኖር ወገናችን ሁሉንም በአንድ ስም «የሼኾች አገር» ብሎ ያልፋቸዋል፤ አወራረዳቸውን ላየ ግን ጎረቤታሞቹ ብዙ ይለያያሉ። እኛም በዚህ ረገድ የራሳችን ታሪክ አለን፤ ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. የተሻሩት በመኳንንቱ ምክርና በጳጳሱ በአቡነ ማቴዎስ የውግዘት ቃል ነው። የተጻፈ ሕገ መንግሥት ገና አልነበረም፤ ማን ሊሽር እንደሚችል ግን ሁሉም ያውቅ ነበር።

ከሁለቱ ሥርዓቶች የተቀየጠውን ፈረንሳይ ናት ለዓለም ያሳየችው። የ1958ቱን ሕገ መንግሥት ሻርል ደጎል በልካቸው አሰፉት፤ ከ1962 ወዲህ ፕሬዝዳንቱን ሕዝብ በቀጥታ ይመርጣል፣ ፕሬዝዳንቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ይሾማል፣ ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩን መጣል ይችላል። ውጤቱ ግልጽ ነው፤ የሚወድቀው ሁልጊዜ ሁለተኛው ሰው ነው። በ1962 የጆርዥ ፖምፒዱ መንግሥት ወደቀ፤ በዲሴምበር 2024 ሚሼል ባርኒዬ በ331 ድምፅ ወደቁ፤ በሴፕቴምበር 2025 ፍራንሷ ባይሩ ራሳቸው በጠየቁት የመተማመኛ ድምፅ ተሸኙ። ኢማኑኤል ማክሮን ግን ወንበራቸው ላይ ናቸው። ጥፋቱ የማን እንደሆነ መራጩ ሲጠይቅ የሚያገኘው መልስ የተድበሰበሰ መሆኑ የዚህ ቅይጥ ትልቁ ጉድለቱ ይመስለኛል።

ታዲያ የትኛው ይሻላል? ዘመናዊውን ክርክር የለኮሱት ስፔናዊው ምሁር ኽዋን ሊንዝ በ1990 ባሳተሙት ጽሑፍ ነው። ፕሬዝዳንታዊ ሥርዓት አደገኛ ነው አሉ፤ ፕሬዝዳንቱም ምክር ቤቱም «ሕዝብ መርጦኛል» ማለት ይችላሉ፣ ሲጋጩ የሚዳኛቸው የለም፣ የሥልጣን ዘመኑም ድርቅ ያለ ስለሆነ መተንፈሻ የለውም። ዋና ምስክራቸው ቺሊ ነበረች። ሳልቫዶር አየንዴ በ1970 ከ37 በመቶ ባነሰ ድምፅ ፕሬዝዳንት ሆኑ። በማርች 1973 በተደረገው የምክር ቤት ምርጫ ተቃዋሚዎቹ አብላጫውን አገኙ፤ ፕሬዝዳንቱን ለማንሳት የሚያስፈልገውን የሴኔት ሁለት ሦስተኛ ግን አላገኙም። በኦገስት 22 የታችኛው ምክር ቤት መንግሥት ሕገ መንግሥት ጥሷል የሚል ውሳኔ በ81 ለ47 አሳለፈ። ውሳኔው ማንንም የሚያወርድ አቅም አልነበረውም፤ ፕሬዝዳንቱም ምክር ቤቱን የሚበትኑበት ሥልጣን የላቸውም። ሕጉ ለሁለቱም መውጫ ስላላበጀ ሴፕቴምበር 11 ቀን ጦሩ የራሱን መውጫ አበጀ።

ክርክሩ የሚያሳምን ነው፤ ናይጄሪያ ግን ታስቸግራለች። የመጀመሪያው ሪፐብሊኳ ፓርላማዊ ነበር፤ በ1966 በመፈንቅለ መንግሥት ወደቀ። ከዚያ ተምረናል ብለው በ1979 የአሜሪካን ዓይነት ፕሬዝዳንታዊ ሥርዓት አቆሙ፤ እርሱም በ1983 መጨረሻ በመፈንቅለ መንግሥት ወደቀ። ብራዚላዊው ሆሴ አንቶኒዮ ሼይቡብ በ2007 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን መሰሉን ነገር በስፋት መርምረው፣ ፕሬዝዳንታዊ ዴሞክራሲዎች በብዛት የፈረሱት ፕሬዝዳንታዊ ስለሆኑ ሳይሆን ወታደር ይገዛቸው በነበሩ አገሮች ስለተተከሉ ነው ብለው ሞገቱ። እኔ ወደ ሼይቡብ አዘነብላለሁ። ሆኖም ቺሊን እንዳልነበረች ማድረግ አልችልም፤ ሕጋዊ መውጫ ቢኖር ኖሮ ጄኔራሎቹ ሰበብ ያጡ ነበር ባይባል እንኳ ሰበባቸው ይሳሳ ነበር።

ሁለቱንም ለማግኘት የሞከረችው እስራኤል ናት፤ ይህ ሙከራ ከሚገባው በታች ነው የሚነገርለት። ፓርላማዋን ይዛ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ብቻ ሕዝብ በቀጥታ እንዲመርጥ በ1992 ሕግ አወጣች። የታሰበው መሪውን ከትናንሽ ፓርቲዎች ድርድር ለማላቀቅ ነበር። በ1996 መራጩ ሁለት ወረቀት ያዘ፤ አንዱ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ፣ ሌላው ለፓርቲ። ያኔ ሰዉ በመጀመሪያው ወረቀት ስለ ጦርነትና ሰላም መረጠ፣ በሁለተኛው ደግሞ ወደ ገዛ ወገኑ ሄደ። በ1992 ሁለቱ ትልልቅ ፓርቲዎች ከ120ው መቀመጫ 76ቱን ይዘው ነበር፤ በ1996 የሁለቱ ዝርዝሮች ድምር 66 ሆነ፣ በ1999 ደግሞ 45። የሴፋርዲ ሃይማኖተኞች ፓርቲ ሻስ ከ6 ወደ 10፣ ከዚያ ወደ 17 አደገ፤ ከሶቪየት ኅብረት የመጡት ስደተኞችም የራሳቸውን ፓርቲ ይዘው ገቡ። የኢትዮጵያ ቤተ እስራኤል የመጀመሪያ እንደራሴ አዲሱ መሰለ የገቡትም በ1996 ነው፤ እርሳቸው ግን በትልቁ በሌበር ዝርዝር ውስጥ ሆነው ነው። በቀጥታ የተመረጠው መሪ ከበፊቱ የባሰ ተደራዳሪ ሆኖ ቁጭ አለ። በ2001 ሕጉ ተሻረ። መሪውን ሕዝብ ይምረጠው ማለት መሪውን ያጠነክራል ብሎ የሚያምን ሁሉ ይህን ማንበብ አለበት።

የአገራችን ጉዳይ እዚህ ላይ ይገባል። የ1923ቱም ሆነ የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ሁለት ምክር ቤቶች ነበሯቸው፤ በ1949 ሕዝብ የሕግ መምሪያ ምክር ቤቱን አባላት በቀጥታ መረጠ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩን የሚሾሙትም የሚሽሩትም ግን ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ። አክሊሉ ሀብተ ወልድ በየካቲት 1966 ሲለቁ የገፋቸው የጦሩ ዐመፅና የከተማው ግርግር እንጂ የምክር ቤት ድምፅ አልነበረም። ጠቅላይ ሚኒስትሩን ለፓርላማ ተጠሪ የሚያደርግ ረቂቅ ሕገ መንግሥት በዚያው ዓመት ክረምት ተሰናድቶ ነበር፤ ደርግ ቀደመው። በ1979 በሕዝበ ውሳኔ የጸደቀው የኢሕዲሪ ሕገ መንግሥት ፕሬዝዳንት አቆመ፤ የሚመርጠውም ብሔራዊ ሸንጎ ነበር። ኮሎኔል መንግሥቱ በግንቦት 1983 ሲሄዱ ሸንጎው አልተጠየቀም።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 45 ሥርዓቱ ፓርላሜንታዊ ነው ይላል። ፕሬዝዳንቱ ርዕሰ ብሔር ነው፤ ስድስት ዓመት፣ ቢበዛ ሁለት ጊዜ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ርዕሰ መስተዳድር ነው፤ የሥልጣን ዘመኑ ከምክር ቤቱ ጋር የታሰረ ሲሆን ስንት ጊዜ እንደሚመረጥ ገደብ የለውም። ምሳሌያዊ ሥልጣን ያለው ሰው ተገድቦ፣ እውነተኛ ሥልጣን ያለው መለቀቁ በአገር ውስጥ ብዙ አነጋግሯል። የፓርላማ ሥርዓት ከሚከተሉት አገሮች አንጻር ግን እንግዳ ነገር አይደለም፤ እንግሊዝም ጀርመንም ገደብ የላቸውም። እነርሱ ገደቡን የሚተኩበት ነገር ምርጫና የፓርቲ ውስጥ አመፅ ነው፤ ጥያቄው እኛ ምን እንተካበታለን ነው።

ከ1987 ወዲህ ጠቅላይ ሚኒስትር ሁለት ጊዜ ተለውጧል፤ ሁለቱም ጊዜ በምርጫ አይደለም። በ2004 ነሐሴ መለስ ዜናዊ አረፉ። የካቲት 8 ቀን 2010 ኃይለማርያም ደሳለኝ መልቀቂያ አስገቡ፤ ከዐፄ ኃይለ ሥላሴ መውረድ ወዲህ የአገሪቱን ቁንጮ ሥልጣን በራሱ ጥያቄ የለቀቀ የመጀመሪያው መሪ ናቸው። ተተኪውን የኢሕአዴግ ምክር ቤት መረጠ፤ መጋቢት 24 ቀን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አጸደቀ። ከላይ እንዳየነው ይህ በራሱ ነውር የለበትም፤ ለንደንም ፕሪቶሪያም የሚያደርጉት ነው። የሚለየው ምክር ቤቱ ውስጥ ማን እንደሚቀመጥ ነው።

ፕሬዝዳንታዊ እንሁን የሚለው ክርክር በየጊዜው ይነሳል፤ አንቀጽ 45ን ለመለወጥ የሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ ሁለት ሦስተኛና የክልል ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ ያስፈልጋል። ከዚያ በፊት ግን አሁን ያለው ሥርዓት በወጉ መፈተኑን ማየት ይገባል። አንቀጽ 72 ጠቅላይ ሚኒስትሩን ለምክር ቤቱ ተጠሪ ያደርገዋል፤ አንቀጽ 55 ደግሞ ከአባላቱ አንድ ሦስተኛው ከተስማሙ አስፈጻሚው ሥልጣን የያዘውን ጉዳይ ምክር ቤቱ አንስቶ እንዲወያይበትና እርምጃ እንዲወስድ ይፈቅዳል። ከ547 መቀመጫ አንድ ሦስተኛው 183 ነው። በ1997ቱ ምርጫ ከተቃዋሚዎቹ ቅንጅት 109፣ ኅብረት 52፣ የኦሮሞ ፌዴራሊስት ዴሞክራቲክ ንቅናቄ 11 አገኙ፤ ድምሩ 172 ነው፤ ከቅንጅቶቹም ብዙዎቹ ምክር ቤቱ ሳይገቡ ቀሩ። በ2002 ከገዢው ግንባርና ከአጋሮቹ ውጭ የተመረጡት ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ በ2007 አንድም አልነበረም።